የሐይቁን መንገድ በአንድ ዓሣ የሸጥኩ ዕለት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ሽንኩርት የተወደደበት ዓመት ነው እንዳልል፣ ሽንኩርት ያልተወደደበትን ዓመት ማን ያስታውሳል? ዝናቡ የዘገየ ጊዜ ነው እንዳልል፣ በእኛ በስምጥ ሸለቆው በኩል ዝናብ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። ብቻ ቀኝ ጉልበቴ መታመም ከጀመረ በኋላ፣ ግራው ሳይከተለው በፊት ነው። እኔ ዘመን የምቆጥረው በዚህ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የአራተኛ ክፍል ሰው ቀን አይመዘግብም፣ ተናድዶ ያስታውሳል። ይህንንም የማስታውሰው ስለተናደድኩ ነው። እስካሁን አልበረደልኝም። ስለዚህ ወሬዬ ወደ ስድብ ሲያዘነብል ካያችሁ ዕድሜዬን አስባችሁ ዝለሉት።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መስመር ካሉት የሐይቅ ዳር ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን ብጠራ የምከሰስ ይመስለኛል፤ ክስ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል፣ የጉልበቴን ነገር ነግሬያችኋለሁ።

ሥራዬ የዓሣ መረብ መጠገን ነው። የተወለድኩት ወንጂ ነው፤ አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እኔ ሸንኮራውን ሸሽቼ ወደ ሐይቁ መጣሁ። የመረብ ጥገና እቤት ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አይደለም። መረብ ከውሃ ሲወጣ እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ ይሸታል። ዓሣ አስጋሪው ከጀልባው ወርዶ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጉማሬ አልፎበታል" ይልሃል፤ አንተ እዚያው ግራሩ ሥር ቁጭ ብለህ ትቋጥራለህ፤ በማግስቱ ይዞት ውሃ ይገባል። መረቡ ወደ አንተ አይመጣም። አንተ ነህ ወደ መረቡ የምትወርደው።

የምንወርድበት መንገድ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ይነሳና በቁልቋል አጥር መሀል አድርጎ ቁልቁል ሐይቁ ድረስ ይሄዳል። ሁለት የተጫኑ አህዮች ሳይገፋፉ ይተላለፉበት ነበር። ስም አልነበረውም። ዓሣ የሚያወጣው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ በጥምቀት ታቦት የሚያጅበው፣ ሁሉም "መውረጃው" ነበር የሚለው። ለአባቶቻችን ያን መንገድ ማንም አልፈቀደላቸውም፤ በእግራቸው ነው የሠሩት።

ታዲያ አንድ ጠዋት የመረብ መርፌዬንና ክሬን በፌስታል ይዤ ስወርድ፣ መንገዱ ቆርቆሮ ሆኗል። ከቁልቋል እስከ ቁልቋል፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ። ከቆርቆሮው ፊት ለማ ቆሟል። ለማ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በአንድ እድር ነን፤ አባቱ የሞቱ ጊዜ ቃሬዛውን ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን የዘበኛ ልብስ ለብሶ ዱላ ይዞ ከእኔ ራስ በላይ ያለውን አየር ያያል።

"ለማ" አልኩት።

"አቤት አባት" አለኝ። ትናንት ጋሼ ይለኝ የነበረ ሰው ልብስ ሲቀይር አባት አለኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቆርቆሮ ነው።"

"ቆርቆሮነቱንማ አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል?"

"የግል ይዞታ ነው። ሎጅ ሊሠራበት ነው። ማለፍ ክልክል ነው።"

"ትናንት አልፌ ነበር እኮ።"

"ትናንት ሌላ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ትናንት እኔም ሥራ አልነበረኝም።"

ቁጣዬን ይዤ ዞርኩ። ወደ አስፋልቱ ወጥቼ፣ በመናኸሪያው ታጥፌ፣ የሽንኩርት ማሳውን ከብቤ ሐይቁ ጋ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ሆናለች። ጀልባዎቹ ዓሣቸውን አራግፈው ሄደዋል። አስጋሪዎቹ እኔን ጠብቀው ሲያጡኝ መረባቸውን ራሳቸው ቋጥረውታል። አስጋሪ የቋጠረው መረብ ዓሣው ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ የሚወጣበት ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሄደ ዓሣ እንደማይኖር፣ አንድ ወር ከሄደ ደግሞ እኔም እንደማላስፈልግ ገባኝ። ውሃው ከቤቴ ይታያል። የሚታይ እንጀራ ጋ መድረስ አለመቻል፣ ይኼ ነው ያናደደኝ።

እድራችን ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ ታፈሰ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው መተዳደሪያ ደንብ ነው። መነጽሩን አድርጎ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበና "እድር ለሞት ነው የተቋቋመው" አለ። "ስለ መንገድ የሚል አንቀጽ የለም።"

"መንገዱ ሞቷል እኮ" አልኩ።

"መንገድ ሞተ ተብሎ ድንኳን አይጣልም።"

ከኋላ አንዱ "ንፍሮውም ይቀቀልለት" አለ፤ ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከክርክር በኋላ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ታፈሰ ጻፈው። መፈረም የሚችል ፈረመ፣ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። ከጣት አሻራው ብዛት የተነሳ ወረቀቱ ዶሮ የጫረው መሰለ።

ደብዳቤውን ይዘን የመሬት ነገር ወደሚታይበት ቢሮ ሄድን፤ እኔ፣ ታፈሰና ሀጂ ቱሴ። ሀጂ ቱሴ የአርሲ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ካሉበት ማንም ቀድሞ አይናገርም። ያገኘነው ባለሙያ ልጅ እግር ነው። ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙሮ ካርታ አሳየን። ካርታውን አላየሁትም፤ ልጁን ነው ያየሁት።

"አባቶቼ፣ ካርታው ላይ የለም።"

"ምኑ?"

"መንገዱ።"

"ሐይቁስ አለ?" አልኩት።

"አለ።"

"ሰፈራችንስ?"

"አለ።"

"ታዲያ ከሰፈራችን ወደ ሐይቁ እንሄድ የነበረው በክንፍ ነው?"

ልጁ ሳቀ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ባለጌ ቢሆን ተሳድቤ ቀለል ይለኝ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተነስቶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦን፣ አጎንብሶ፣ ምንም ሳይሠራልን ሸኘን። "እኛ የምንሠራው በማስረጃ ነው" አለ በሩ ላይ። "መንገድ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ካላችሁ አምጡ። ወይም አዳማ ጠይቁ።"

አዳማ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሀጂ ቱሴ መስኮት በኩል፣ ታፈሰ ደንቡን እንዳቀፈ መሀል፣ እኔ የጫት ከረጢት ላይ። የላኩን ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ በየደረጃው ስሜን ይጠራል። ላይ ስንደርስ አንዲት ልጅ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችና "ይኼ ከታች ነው መምጣት ያለበት" አለች።

"ከታች ነው የመጣነው፣ ልጄ" አልኳት። "ደረጃውን አታይም?"

ከታች ማለቷ ከከተማችን ነው። ከተማችን ወደ ላይ ሂዱ ይላል፣ ላዩ ከታች ይምጣ ይላል። በመሀሉ ያለው እኔና ጉልበቴ ነን። አዳማ ላይ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ነው የሚጀምረው፤ እስካሁን ያለው የሰው ጥፋት ነው። ሀጂ ቱሴ በመንገድ ላይ "ወረቀት ካላወቀን ሰው ያውቀናል። በሽምግልና እንሂድበት" አሉ። ባለሎጁም ቢሆን ከእናት የተወለደ ነው ተባለ። ይህን የሰማሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ሽምግልና ሥራዬ ነው። በዚህ አፌ አምስት ልጃገረድ ለምኜ ድሬያለሁ፤ ስንት የደም ነገር አብርጃለሁ።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሊለምን ሲሄድ አይቀመጥም። ተቀመጡ ሲሉት "መጀመሪያ ቃልህን" ይላል። እህል ውሃ አይቀምስም። የሽማግሌ ጉልበቱ አለመብላቱ ነው። የባለቤቱ እህል አንዴ ጉሮሮህን ካለፈ ግን ነገሩ አለቀ፤ ወይ እሺ ብሎሃል፣ ወይ ልመናህን ትተህለታል። ይህን ለማስታወስ ደንብ አያስፈልግም። ታፈሰ ግን ከመሄዳችን በፊት ሦስታችንን አቁሞ "መቀመጥ የለም፣ መቅመስ የለም" አለ። እንዲያውም ተቆጣሁት። "ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አልኩት።

ባለሎጁ ገና ከመኪናው ሲወርድ አክብሮቱ አስደነገጠኝ። "አባቶቼ" ብሎ የሦስታችንንም ትከሻ ሳመ። ግቢው ውስጥ፣ በእኛ መንገድ ላይ ማለት ነው፣ ጥላ አቁሞ ነጭ ወንበር አስደርድሯል። "አረፍ በሉ።"

"መጀመሪያ ቃልህን" አሉ ሀጂ ቱሴ።

"ቃሌማ የእናንተው ነው። ግን ቆማችሁ አይሆንም።"

"ቆመን ነው የምንለምነው። መንገዱን ክፈትልን።"

ሰውየው እሺ አይልም፣ እምቢም አይልም። ስለ ልማት ነገረን። ለሰፈሩ ልጆች ስለሚከፈተው ሥራ ነገረን። ስለ አባቱ ነገረን፤ አባቱ ሽማግሌ ይወዱ ነበር አለ። ፀሐዩ ይወጋል። ሀጂ ቱሴ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፣ ታፈሰ ደንቡን አንግቶ ቆሟል። የእኔ ጉልበት ግን ለብቻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንዳይታይብኝ ጫማዬን ላስር ብዬ አጠገቤ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

በዚህ መሀል ነው ዓሣው የመጣው።

ስለ ዓሣው ልናገር፤ ራሴን ለመከላከል አይደለም። ቆሮሶ ነው፣ የእኛው የሐይቃችን ቆሮሶ፣ ከነራሱ የተጠበሰ፣ ጎንና ጎኑ የተተለተለ፣ ዳር ዳሩ እንደ ቆሎ የሚሰባበር። ከጎኑ ሎሚ፣ ከጎኑ ዳጣ። ድሮ ጀልባው ሲደርስ ከመረቡ ላይ በየቀኑ አንድ ይሰጡኝ ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ሽታውንም አላገኘሁም። ሦስት ወር ሙሉ በሰዓቱ ያልደረስኩበት ሐይቅ ተጠብሶ ፊቴ ተቀመጠ። ጅራቱ ከሰሃኑ ወጥቶ ወደ እኔ ዞሯል። እጄ ሄደ። እጄ ሲሄድ አየሁት፤ አላስቆምኩትም። ጅራቱን ሰበርኩና አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ታፈሰ አየኝ። የታፈሰን ዓይን እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

ባለሎጁም አየኝ። ፈገግ አለ። "እንዲህ ነው እንጂ አባቶቼ። ከበላችሁማ ታርቀናል" አለና ስልኩን አወጣ። "አንዴ ወደዚህ።"

ሀጂ ቱሴ ፊታቸውን አዞሩ። ታፈሰ ግን፣ እውነቱን ልናገርበት፣ ፎቶ ይወዳል፤ ሳያስበው ኮቱን አስተካክሎ ወደ ስልኩ ተመለከተ። እኔ ዓሣው ጉንጬን ነፍቶት፣ ጣቴ በዘይት አብረቅርቆ፣ መሀል ላይ አለሁ።

ከግቢው ስንወጣ መንገዱን ማንም አላነሳውም። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ታፈሰ "ጾም ሽረሃል" ብሎ ጀመረ። እኔ "ዓሣ ጾም አይሽርም" አልኩ። እሱ "ይሽራል" አለ። እኔ አያቴን ጠቀስኩ፣ እሱ የንስሐ አባቱን። እስከ ወፍጮ ቤቱ በዚህ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሀጂ ቱሴን ዳኙን አልናቸው። ቆም ብለው "ዓሣውስ ለጾማችሁ ምንም ይሁን፤ መንገዱን ግን ሽሮታል" አሉና ወደ ቤታቸው ታጠፉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደብዳቤያችን የት እንደደረሰ ልንጠይቅ ወደዚያው ቢሮ ሄድን። ጨዋው ልጅ ሲያየን ደስ አለው። "እንኳን ደስ አላችሁ። ታረቃችሁ አይደል?" አለ።

"ማን ነው የታረቀው?" አለ ታፈሰ።

ልጁ ስልኩን አወጣ። ፌስቡክ ላይ አለሁ። ጉንጬ አብጦ፣ ዘይቱ አገጬ ላይ ወርዶ። ሥሩ ላይ "ከአካባቢው አባቶች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ጉዳዩን በባህላችን ፈትተናል" የሚል ተጽፏል። ስንትና ስንት ሰው ወዶታል። ሦስት ወር ሙሉ ማስረጃ አምጡ ስንባል አጥተን ነበር፤ አሁን ማስረጃ ተገኘ፣ በእኛው ላይ።

ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ መውጣት አቃተኝ። ፀጉር አስተካካዩ "ጋሼ፣ ጅራቱ ይሻላል ጭንቅላቱ?" ይለኛል። አስጋሪዎቹ አንድ ጠዋት በራፌ ላይ የዓሣ ጅራት በክር አስረው ሰቀሉልኝ። እድሩ ይቅጣኝ አይቅጣኝ ተብሎ ተመከረ፤ ታፈሰ ደንቡን አገላብጦ ስለ ዓሣ የሚል አንቀጽ አጣ። የሚያናድደው ግን መሳቃቸው አይደለም። እነሱ እየሳቁ በመናኸሪያው በኩል ይዞራሉ። ሴቶቹ ልብስ ተሸክመው ይዞራሉ። ከብቱ እየተነዳ በአስፋልት ይዞራል፤ አንዲት ጊደር በገልባጭ መኪና ተገጭታ ሞተች። እኔ በልቼ ነው ይህ ሁሉ።

አንድ ጠዋት በሬ ላይ "አካም ቡልቴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። የአማን እናት ናት። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ አማን የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ በእኛ ሰፈር ሴት በመጀመሪያ ልጇ ነው የምትጠራው። ባሏ ሞቷል። ከጀልባዎቹ ዓሣ እየገዛች፣ ቆዳውን ገፍፋ፣ አጥንቱን አውጥታ ለሆቴሎች ታስረክብ ነበር፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ዓሣው በፀሐይ ዞሮ እስኪደርስ እየተበላሸባት ቢላዋዋን ሰቅላለች። አማርኛን በትልቅነቷ ነው የለመደችው፤ ባለሥልጣንንም ሽማግሌንም አንተ ነው የምትለው።

"ደህና አድሬያለሁ" አልኩ።

"አላደርክም። ሰው ሁሉ ያንን ዓሣ ዛሬም እየበላልህ ነው።" የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። "ጣፍጦህ ነበር?"

ምን ይባላል? "አዎ" አልኩ።

"ጥሩ። ሳይጣፍጥህ ብትሸጠን ይብስ ነበር።"

"እኔ አልሸጥኩም።"

"እሱንማ እኔ አውቃለሁ። እኔ ማወቄ ምን ያደርጋል? ስማ። አንተ በልተሃል። ታፈሰ ፎቶ ተነስቷል። ሀጂም ውሃ ጠጥቷል።"

"ሀጂ አልጠጡም።"

"ፊቱን አዙሮ ጠጥቷል፤ ለማ አይቶታል። እኔ ግን እዚያ ግቢ ምንም አልቀመስኩም። ሴቶቹም አልቀመሱም። ነገ ሲንቄያችንን ይዘን እንቆማለን።"

ሲንቄ ማለት የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴቲቱ ዕድሜዋን ሙሉ ታስቀምጣታለች። በደል ሲደርስ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ ሌሎቹም ይዘው ይከተሏታል፤ በደሉ እስኪነሳ እቤት መመለስ የለም። ሴቶች ሲንቄ ይዘው የቆሙበትን ወንድ ልጅ ጥሶ አያልፍም። ይህን የሚያዝ ደብዳቤ የለም፣ ማኅተም የለም። ሁሉም ያውቃል።

"እኔስ ምን ላድርግ?" አልኳት።

"ትመጣለህ። ስጠራህ ትናገራለህ።"

"ሰው ይስቅብኛል።"

"አሁንስ እያለቀሰልህ ነው?" አለችና ተነስታ ሄደች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ወጡ። የአርሲዎቹ በግራ እጃቸው እርጥብ ሣር፣ በቀኝ ሲንቄ፤ ሲንቄ የሌላቸው የእኛዎቹም ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላ። ቆርቆሮውንና የሎጁን በር ይዘው ቆሙ። አይጮሁም፣ አይሳደቡም። ዝቅ ባለ ድምፅ ያዜማሉ። ለማ አማቱን ከፊት መስመር ላይ አያት፤ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሽንት ቤት ገባ፤ ለረጅም ሰዓት አልወጣም።

ሎጁ ገና ባያልቅም ግቢው ውስጥ ለሽርሽር የመጡ እንግዶች በድንኳን አድረዋል። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ መኪና ሊወጣ መጣ። ሹፌሩ የእኛው አገር ልጅ ነው። ሴቶቹን ሲያይ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

"ምን ሆንክ? ጥሩምባ ንፋላቸው" አለው ባለመኪናው ከኋላ።

"እርስዎ ይንፉት፣ ጌታዬ" አለ ሹፌሩ። "እኔ እናት አለችኝ።"

ምሳ ሰዓት አለፈ። በየቤቱ እሳት አልነደደም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ "ሎጁም እኮ ልማት ነው" ሲሉ የነበሩ ባሎች ሆዳቸው ሲጮህ ለመንገዱ መቆርቆር ጀመሩ። እንዲህ ያለ ፈጣን የአቋም ለውጥ አይቼ አላውቅም።

ባለሎጁ ወጣ። ከኋላው አስተናጋጅ ሰሃን ይዟል። ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ፣ ከነዳጣው። "እናቶቼ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አንጀቴን በላችሁት። እስኪ ቅመሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።"

የአማን እናት ሰሃኑን አላየችውም። "ዓሣውን መልሰው" አለች። "ለዚህ አገር ዓሣ የማቀርበው እኔ ነኝ። አንተ መንገዱን አቅርብ።"

"መንገዱ በሽምግልና አልቋል እኮ፣ እናቴ። አባቶች በልተው፣ መርቀው ነው የሄዱት።" ስልኩን አወጣ። ፎቶውን ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ አሳየ።

"ና" አለችኝ ሳትዞር።

ከሰዉ መሀል ወጣሁ። ጉልበቴ እንደዚያን ቀን ይንቀጠቀጣል። ነጩ ወንበር አጠገቤ አለ፤ አልተቀመጥኩም። ዜማው ቆመ። ቁጣዬ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠራቀም የት እንደሚወጣ አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያ የወጣው በራሴ ላይ ነው።

"በልቻለሁ" አልኩ። "ጥሩ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ግን አፉ የእኔ ነው፣ መንገዱ የእኔ አይደለም። የእኔ ባልሆነ ነገር በአፌ ልስማማ አልችልም። እዚያ ፎቶ ላይ ያለው ሰውዬ አኝኳል እንጂ እሺ አላለም። መርቋል ያለ ካለም ውሸት ነው፤ አፌ ሙሉ ነበር።"

ሰው ሳቀ። ይሳቅ። ከሳቁ መሀል ሀጂ ቱሴ ምርኩዛቸውን ተክለው "እኔም ውሃ ጠጥቻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ያ ውሃ ቃል አይደለም" አሉ። ታፈሰም ጉሮሮውን ጠርጎ "በእኔ በኩል ፎቶ ብቻ ነው" አለ።

ባለሎጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ደውሎ የጠራው ጨዋው የቢሮ ልጅ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ከሴቶቹ መሀል የገዛ አክስቱን አየ። አክስትየው ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ልጁ ከሞተሩ ወርዶ የራስ ቁሩን አወለቀ።

"መንገዱ... በሚቀጥለው የካርታ ማሻሻያ ሊገባ ይችላል" አለ።

"አሁን" አለች አክስቱ።

ልጁ ከቦርሳው ካርታ አወጣ። የሞተሩ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ሐይቁ አንድ መስመር አሰመረ። በቃ። ሦስት ወር፣ አዳማ ደርሶ መልስ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ፤ የአንድ እስክሪብቶ ሥራ ነበር። ያን መስመር ሲያሰምር ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የባሰ ተናደድኩ።

ባለሎጁ እንግዶቹን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ "ይነሳ" አለ። ቆርቆሮውን ያነሳው ለማ ነው። ሚስማሩን በእጁ ነው የነቀለው፤ ቀድሞም በደንብ አልመታውም መሰለኝ። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሴቶቹ እልል ብለው ቁልቁል ወረዱ፤ እኛ ወንዶቹ ከኋላ።

ሙሉ ድል ነው እንዳትሉ። ሰውየው ቆርቆሮውን ግራና ቀኝ ትቶታል። ድሮ ሁለት አህያ ይተላለፍበት የነበረው አሁን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ከታች አህያ ከመጣ እኔ ነኝ ወደ ኋላ የምመለሰው፤ አህያ ወደ ኋላ አይሄድም። እየተመለስኩ እሳደባለሁ፣ ግን እወርዳለሁ። መረቡ እዚያው ነው፣ ግራሩም።

በኋላ ቢሮው ውስጥ ቃለ ጉባኤ ተነበበልን። "በሀገር ሽማግሌዎች ከፍተኛ ጥረት" ይላል። የሦስታችን ስም በተራ ሰፍሯል፤ የእኔ አንደኛ ነው። የበላሁት እኔ አንደኛ። የቢሮው ጸሐፊ ፈርሙ አለ። ታፈሰ ፈረመ።

"የሴትየዋስ ስም?" አልኩ።

"የትኛዋ?" አለ ጨዋው ልጅ።

"የቆመችው። የአማን እናት።"

"ጋሼ፣ የአማን እናት ተብሎ ሰነድ ላይ አይጻፍም። ስሟ ማን ነው?"

ታፈሰን አየሁት፤ አያውቅም። ሀጂ ቱሴን አየኋቸው፤ መሬት አዩ። ሠላሳ ዓመት በአጥር ተዋስነን ኖረናል፤ ከእሷ ጨው ተበድሬያለሁ፤ ባሏን አብረን ቀብረናል። ስሟን አላውቀውም። ከዓሣው የባሰ ያፈርኩት ያኔ ነው። ስሟን ጠይቄ ስመለስ ቃለ ጉባኤው ታትሟል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ አሁን አይነካም ተባልኩ። ስድቤን እዚህ ላይ ዝለሉት።

የጠየቅኋት ሐይቁ ዳር ነው፣ ዓሣ እየገፈፈች።

"ምን ያደርግልሃል?" አለች።

"እጽፈዋለሁ።"

"አንተ መጻፍ ትችላለህ?"

"እስከ አራተኛ ክፍል።"

"በቃ ይበቃዋል፤ አጭር ነው" አለች ቢላዋዋን ሳታቆም፣ ነገረችኝም።

በዳቱ ገመቹ ትባላለች።